የሆዳችን ታሪክ፦ ፎገራ ከዳጉሳና ከሽምብራ ወደ ነጭ ሩዝ

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ታሪክ ስናስተምር ነገሥታትን፣ ጦርነትንና ውልን እናስተምራለን። ተማሪው አድዋ መቼ እንደሆነ ያውቃል፤ ጎንደር መቼ እንደተቆረቆረችም ያውቃል። «አያትህ በልጅነታቸው ቁርስ ምን ይበሉ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ዝም ይላል። ሆድ ታሪክ ያለው አይመስለንማ! እንደኔ ግን ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ታሪክን በደንብ የሚይዝ ሆድ ነው። ለዚህም ማስረጃ አለኝ።

አንድ ጥያቄ ላንሳ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳጉሳና ሽምብራ ሲበሉ የኖሩ አንድ አባት አንድ ሰሃን ነፍሮ በልተው ምንም ሳይሆኑ እርሻቸው ይውላሉ። በነጭ ሩዝና በዳቦ ያደገ ወጣት ያንኑ ነፍሮ ቢበላ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ይጮኻል። ምግቡ አንድ ነው፤ ሆዶቹም በአፈጣጠር አንድ ናቸው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከታሪክ ነው! እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ሁለተኛው ቡሃቃ

እህል ውስጥ ሰው ሊፈጨው የማይችል ነገር አለ። በትምህርት ቤት «አሰር» እንለዋለን፣ በፈረንጅኛው ፋይበር ነው። ጨጓራም ሆነ ትንሹ አንጀት አሰርን የሚሰባብር ኢንዛይም የላቸውም። ስለዚህ አሰሩ ሳይነካ አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ድሮ «እዚያ ደርሶ ይወጣል፣ በቃ» ይባል ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ትልቁ አንጀት ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፣ አሰሩን የሚያብላሉትም እነሱ ናቸው።

እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ የሚሆነውን አስቡት። እርሾ ይጨመራል፣ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ይቦካል፣ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል። ትልቁ አንጀት ውስጥም የሚሆነው ይሄው ነው፤ ሁለተኛ ቡሃቃ በሉት። ባክቴሪያዎቹ አሰሩን ሲያቦኩ ሁለት ነገር ያወጣሉ። አንደኛው አየር ነው፣ ሆድ የሚነፋውም እሱ ነው። ሁለተኛው አሲድ ነው፦ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት። ከሦስቱ ቡቲሬት የሚባለው የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግብ ነው። ልብ በሉ፤ እኛ የማንፈጨውን ባክቴሪያዎቹ ፈጭተው መልሰው ለእኛ ያበሉናል። ከስታርች ግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ስናገኝ፣ በዚህ መንገድ ከሚቦካ አሰር ግራም ወደ 2 ኪሎ ካሎሪ እናገኛለን።

እንግዲህ ቁልፉ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሊጥ ያለ እርሾ ቶሎ እንደማይቦካ ሁሉ፣ ሆድም አሰርን በደንብ የሚያብላላው ተገቢዎቹ ባክቴሪያዎች በበቂ ቁጥር ሲኖሩት ነው። እነሱ ደግሞ የሚበዙት ዘወትር ሲቀለቡ ነው። ሳይቀለቡ ከቆዩ ይመነምናሉ። ለዚህ ነው «ሆድ ታሪክ ይይዛል» ያልኩት።

ግብዣው ተጻፈ፣ ነፍሮው ተረሳ

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስለ አገራችን ብዙ ጽፏል። ስለ ጤፍ ጽፏል፣ ስለ ኮሶም ጽፏል። አውሮፓውያን አንባቢዎቹ ግን አፍ ከፍተው የሰሙትና ያልረሱት ስለ ጥሬ ሥጋ የጻፈውን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ መንገደኞችም ግብር ሲበላ ያዩትን መዘገቡ። እኛም ራሳችን ስለ ድሮ ምግብ ስናወራ ጮማና ጠጅ ነው የሚቀናን።

ሕዝቡ ግን በዓመት ስንት ቀን ነው ጮማ የሚቆርጠው? የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። አብዛኛው ገበሬ ደግሞ በፍስኩም ቀን ቢሆን ሥጋ በየጊዜው አያገኝም። የዘወትሩ ምግብ እንጀራ በሽሮ፣ ቆሎ፣ ነፍሮ፣ በሶ፣ ተልባና ሱፍ ነበር። ዘማቹ ስንቁ ቆሎና በሶ ነው። የበሶ ገብስ ደግሞ በሚቦካ አሰር ከታወቁት እህሎች አንዱ ነው። እንግዲህ የአገሪቱን ጦር ተሸክሞ የኖረው ጮማ ሳይሆን አሰር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሩዝ ሳይመጣ በፊት

ወደ ራሳችን ሜዳ እንምጣ። ፎገራ ማለት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው። ከወረታ እስከ ቁሐር ሚካኤልና ከዚያም ወዲያ ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። በዚያ ዘመን ውኃ የሚተኛበት መሬት የከብት ነበር፤ የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራውም በዚህ ሣር ነው። ደረቅ በሚለው መሬት ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና ኑግ ይዘራል። ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይበቅላል። ባቄላና ገብሱ ከደጋው፣ ከፋርጣና ከደብረ ታቦር በኩል፣ ወደ ገበያ ይወርዳል።

ይህን ዝርዝር በአሰር ዓይን ተመልከቱት። በደረቁ ሲመዘን 100 ግራም ጤፍ ወደ 8 ግራም አሰር አለው። ሽምብራ ወደ 12፣ ገብስ ወደ 17፣ ባቄላ ከነገለፈቱ ወደ 25 ግራም ይደርሳል። ጤፍ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ቆዳውን ለይቶ መላጥ አይቻልም። ወደድንም ጠላንም ከነቆዳው ይፈጫል። ድህነትም ሆነ ሀብት የጤፍን አሰር ሊነጥለን አልቻለም ማለት ነው!

የእናቶች ሳይንስ

«ታዲያ ይህን ሁሉ አሰር እየበሉ እንዴት አልተነፉም?» የሚል ካለ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛው መልስ ልማድ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ከልጅነት ጀምሮ ተቀልበዋል። ሁለተኛው መልስ ግን ማዕድ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

ጥራጥሬ ውስጥ ራፊኖዝና የሱ ዘመድ የሆኑ ስኳሮች አሉ። እነዚህ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ በጣም ቶሎ ይቦካሉ፤ ሆድ በፍጥነት የሚነፉትም እነሱ ናቸው። አሁን እናቶች የሚያደርጉትን እንይ።

ባቄላውን ማታ ዘፍዝፈው ጠዋት ውኃውን ይደፋሉ። ከስኳሩ የተወሰነው በውኃው አብሮ ይሄዳል።

በቆልት ያደርጉታል። ፍሬው ሲበቅል ያንን ስኳር ራሱ ለማደጊያው ይበላዋል። የባቄላ በቆልት ለሆድ የሚቀለው ለዚህ ነው።

ያቦኩታል። ስልጆን አስቡ፤ የባቄላ ዱቄትና ሱፍ ተዋሕደው ለቀናት ይብላላሉ። ሆድ ውስጥ ሊሆን የነበረው ሥራ ግማሹ እንስራ ውስጥ አለቀ ማለት ነው። እንጀራም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ መቡካቱ ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሳል።

ይከኩታል። ይሄኛው ግን ልብ የሚባል ነገር አለው። መከካት ገለፈቱን ያስወግዳል፤ የሚነፋው ስኳር ግን ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። ስለዚህ ክክ አሰሩ ይቀንሳል እንጂ መንፋቱ ያን ያህል አይቀንስም። «ገለፈቱን አንሥቼዋለሁ፣ ለምን ነፋኝ?» ለምትሉ መልሱ ይሄ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም። ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ ነው።

ጓያ፦ የድሮው ሁሉ ጥሩ አይደለም

«ድሮ ሁሉ ነገር ደኅና ነበር» የሚል ጽሑፍ እየጻፍኩ እንዳይመስላችሁ። የዚህን ሜዳ ታሪክ ስንናገር ጓያን መዝለል ክህደት ነው። ጓያ ድርቅም ውኃ መተኛትም የሚችል ደግ ሰብል ነው፣ አሰርም ፕሮቲንም አለው። ነገር ግን ውስጡ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለበት። በችግር ዘመን ሌላ እህል ሲጠፋና ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ አብዛኞቹ የሚጎዱት ደግሞ ወጣት ወንዶች ናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ሥራ ይህን የገጠራችንን ጉዳት ለዓለም አሳይቷል። በኋላም በወሎ ደላንታ ስለደረሰው ወረርሽኝ ዶ/ር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ጥናት፣ ጓያ በነፍሮ መልክና በእሸቱ ጥሬውን ሲበላ አደጋው ከፍ እንደሚል፣ ከሌላ እህል ጋር ሲቀላቀል ደግሞ እንደሚቀንስ ታይቷል።

ስለዚህ ትምህርቱ «የድሮውን እንዳለ መልስ» አይደለም። አንድ እህል ብቻውን የገበታው ጌታ ሲሆን ጉዳት ይመጣል ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ሩዝ ላይ ስንደርስ እመለስባታለሁ።

ሳይንቲስቶቹ መጡ፣ አሰሩን ግን አላዩትም

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ቡድን የኢትዮጵያን ሕዝብ አመጋገብ ዳሰሰ። በ1960ዎቹ ደግሞ በስዊድን ድጋፍ የሕፃናት ምግብ ክፍል ተቋቁሞ ወደ ኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት አደገ። ሁላችንም በስሙ የምናውቀው ፋፋ የተወለደው ከዚህ ሥራ ነው። በ1968 አግሬንና ጊብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ምግቦች ይዘት በሰንጠረዥ አሳተሙ። ትልቅ ሥራ ነው።

ግን በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ የምግብ አሰር የሚለካው አንድ አሮጌ ዘዴ ነበር። እህሉን በአሲድ ቀቅሎ፣ በአልካሊ ቀቅሎ፣ የተረፈውን መመዘን ነው። ይሄ ዘዴ የሚያስቀረው እንጨት እንጨት የሚለውን ክፍል ብቻ ነው። አንጀት ውስጥ የሚቦካው፣ የሚጠቅመው፣ የሚሟሟው አሰር በቅቅሉ ተጠርጎ ይሄዳል። እንግዲህ ሠንጠረዡ ላይ አሰር ትንሽ ቁጥር ሆኖ ተቀመጠ፣ ስሙም «ትርፍ ነገር» መሰለ። በዚያ ላይ የጊዜው ጭንቀት የሕፃናት መቀንጨር ነበር። ትንሽ ሆድ ያለውን ሕፃን አሰር ቶሎ ስለሚያጠግበው ጉልበትና ፕሮቲን ይቀርበታል። ጭንቀቱ ትክክል ነው። ለአዋቂውና ለነገው ትውልድ ግን ጥያቄው ሳይነሣ ቀረ።

ጥያቄውን ያነሣው ኡጋንዳ ውስጥ የሠራ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው፣ ዴኒስ በርኪት። የኡጋንዳ ገበሬዎች ውስጥ የአንጀት ካንሰር፣ ኪንታሮትና ትርፍ አንጀት እንደ እንግሊዝ አገር የማይበዙት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ያላፈረበትን ነገር አደረገ፤ ሰገራ መመዘን ጀመረ! ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት የኡጋንዳ ገጠሬ የበላው በአማካይ በ36 ሰዓት ገደማ ሲወጣ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወታደር የበላው ግን ከ80 ሰዓት በላይ ይቆይ ነበር። በርኪት ሁሉን ነገር በአሰር ብቻ ለማስረዳት መሞከሩ ተተችቶበታል። ቢሆንም ዓለም አሰርን እንደ ቆሻሻ ማየት ያቆመው በአብዛኛው በሱ ምክንያት ነው።

ሩዝ መጣ

በእኛ በኩል ምን ሆነ? ፎገራ ረግረግ ላይ የዱር ሩዝ ከድሮም ነበር። የሚዘራው ሩዝ ግን የመጣው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አለማመዱ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ጅግና ነው። ደርግ ወድቆ ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሩዙ ግን አልፈረሰም። ገበሬው ራሱ አነሣው፤ ውኃ የሚተኛበት፣ ሌላ እህል የማይሆንለት መሬት ወርቅ ሆነ። በሚሊኒየሙ ጊዜ መንግሥት «የሚሊኒየሙ ሰብል» አለው። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ።

እውነቱን እንናገር፤ ሩዝ ይህን ወረዳ ከችግር አውጥቷል። የቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ ብዙ ነው። ሩዝን የሚያማ ሰው ረኃብን ያላወቀ ሰው ነው።

ግን ሩዝ እንደ ጤፍ አይደለም። ሩዝ ይላጣል። ወረታ ያሉት መፈልፈያዎች ገለባውን ብቻ ሳይሆን ቡናማውን ስስ ቆዳም ገፈው ነጭ ያደርጉታል፣ ምክንያቱም ገበያው ነጭ ነው የሚፈልገው። ያ ቡናማ ቆዳ ለከብትና ለዶሮ ይሄዳል። 100 ግራም ነጭ ሩዝ ላይ የሚቀረው አሰር ከ1 ግራም ብዙም አይበልጥም።

እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ አዋቂ በቀን 400 ግራም ዱቄት በእንጀራ መልክ ይበላል እንበል።
• ሙሉ ጤፍ ከሆነ፦ ወደ 32 ግራም አሰር።
• ግማሽ ጤፍ ግማሽ ነጭ ሩዝ ከሆነ፦ ወደ 18 ወይም 19 ግራም።
• ሙሉ ነጭ ሩዝ ከሆነ፦ ወደ 5 ግራም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር መክሯል። አያቶቻችን ይህን መስመር በእንጀራቸው ብቻ ያልፉት ነበር። እኛ ደግሞ ጤፍ በተወደደ ቁጥር የሩዙን ድርሻ እያሳደግን ከመስመሩ በታች ወርደናል፤ ማንም ሳያዝዘን፣ ማንም ሳይነግረን፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ።

ሁለት ሳምንት ምን ይቀይራል?

«ይሄ ሁሉ ለትንሽ አሰር?» የምትሉ ካላችሁ አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ነው። 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ አሰራቸው በቀን ከ14 ግራም ወደ 55 ግራም ወጣ፣ ስባቸው ቀነሰ። አፍሪካውያኑ በተቃራኒው አሰራቸው ከ66 ወደ 12 ግራም ወረደ፣ ሥጋና ስብ በዛላቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአሜሪካውያኑ የቡቲሬት መጠን ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ አደገ፣ የአፍሪካውያኑ በግማሽ ቀነሰ። የአንጀት ግድግዳ ብግነትና ለካንሰር መነሻ የሚሆኑ ምልክቶችም በሁለቱ ወገን በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዱ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ለዘመናት የተገነባ ሆድ በሁለት ሳምንት ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ የተጎዳውም በሁለት ሳምንት መመለስ ሊጀምር ይችላል። ተስፋው እዚህ ላይ ነው።

አሰር ሲጨመር ሆድ እንዴት ይቀበለዋል?

ብዙ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ «ጾም አይስማማኝም፣ ሆዴን ይነፋኛል» ይላል። እስከ ቅበላ ማታ ሥጋና ነጭ ዳቦ በልቶ፣ በማግስቱ ሽሮ፣ ክክ፣ ነፍሮና ተልባ ባንዴ ሲጭንበት ሆድ ምን ያድርግ? በጥቂት እርሾ አንድ በርሜል ሊጥ ለማቡካት እንደመሞከር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በየቀኑ ግማሽ ስኒ ጥራጥሬ እንዲበሉ ተደርጎ ሲጠየቁ፣ ቦሎቄ የበሉት ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት መነፋት ጨመረብን አሉ። ሳምንታት ሲያልፉ ግን የሚያማርረው ሰው እየቀነሰ ሄደ። ሆድ ይለምዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህም ይሆናል።

ስለዚህ በተግባር፦
1. አሰር ባንዴ አትጨምሩ። በሳምንት በሳምንት ትንሽ ትንሽ ጨምሩ፣ ውኃም አብራችሁ ጠጡ።
2. ነፍሮውን ዘፍዝፉ፣ ውኃውን ድፉ። ከተቻለ አብቅሉት።
3. የተለያየ ብሉ። ተልባና አብሽ የሚሟሟ አሰር አላቸው፤ የጤፍና የዳጉሳ ቆዳ ሌላ ዓይነት ነው፤ ተቀቅሎ ቀዝቅዞ ያደረ ሩዝም ከትኩሱ ትንሽ ከፍ ያለ ለባክቴሪያ የሚተርፍ ስታርች አለው።
4. ከሆድ መነፋቱ ጋር ደም፣ ክብደት መቀነስ ወይም የማያቋርጥ ሕመም ካለ ግን «ይለምዳል» ብላችሁ አትቀመጡ። ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ታዲያ ሩዙን ምን እናድርገው?

ሩዝን እንተው አላልኩም፣ አልልምም። ጓያ ላይ «ያዙልኝ» ያልኳችሁን ነጥብ አስታውሱ፦ ችግሩ እህሉ ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው። ግማሽ ጤፍ ግማሽ ሩዝ በሚበላ ቤት በቀን 50 ግራም ደረቅ ባቄላ ከነገለፈቱ ነፍሮ ቢሆን ወደ 12 ግራም አሰር ይጨምራል፤ ያ ቤት ከ25 ግራም መስመር በላይ ወጣ ማለት ነው። ያውም ሳይደኸይ! መፈልፈያ ቤት ስትሄዱም «በጣም አታንጣው» ማለት ይቻላል። ዳጉሳን ከሩዙ ጋር መቀላቀል ይቻላል፤ ለሆድ ያለው ጥቅም ደግሞ ከቀለሙ ይበልጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ልጆቹ ናቸው። ክፍሌ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ሩዝ ሲዘራ እያዩ የተወለዱ ናቸው። ዳጉሳ እንጀራ «የድሃ» ይመስላቸዋል፣ ነፍሮ «የባላገር»። ለከተማ ሐኪም «አሰር ብሉ» ተብለው አጃ በፓኬት ከመግዛታቸው በፊት፣ ቤታቸው ያለውን ሽምብራ ቢያውቁት ምን አለበት? አያቶቻቸው የነበራቸውን ሆድ የሠራው ሀብት አልነበረም፤ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ በአንድ ትውልድ እንደጠፋ ሁሉ በአንድ ትውልድ ሊመለስ ይችላል።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። በአካባቢያችሁ ያሉ አዛውንቶችን ጠይቁ፦ ሩዝ ሳይመጣ በፊት በክረምት ምን ይበላ ነበር? ነፍሮ ሆድ እንዳይነፋ ምን ይጨመርበት ነበር? የሰማችሁትን ከታች ጻፉልኝ። ያልተጻፈውን ታሪክ ቢያንስ እዚህ ላይ እናስቀምጠው። ለሚጠቅመው ሰው ደግሞ ሼር አድርጉት።